አጥሚቱ ለእናቲቱ፣ ጊዜው ለወተቱ

ከብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ውስጥ በሚያስገባ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ካሉት ግቢዎች በአንዱ አራስ አለች። እሁድ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠያቂው በዝቶ በረንዳው በጫማ ተሞልቷል። የሚገባው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ይስማትና ያመጣውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ሁለት ፔርሙዝ አጥሚት፣ በላስቲክ የታሰረ የአጃ ዱቄት፣ አንድ ካርቶን ማልት፣ በጠርሙስ የተመታ አብሽ። ከኩሽና የገንፎና የነጠረ ቅቤ ሽታ ይመጣል። ሕፃኑ ከተወለደ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ለእናቱ የመጀመሪያ ልጇ ነው።

«ወተትሽ እንዴት ነው? ይጠግብልሻል?» አሏት የባሏ አክስት፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

«እኔ እንጃ እትዬ። ከጡት ሳወርደው ወዲያው ያለቅሳል። ጡቴም እንደ መጀመሪያው አይሞላም፤ ልፍስፍስ ብሏል።»

ይህን ማለቷ ብቻ በቂ ነበር። አንዷ አብሹን ጠዋት በባዶ ሆዷ እንድትጠጣ አዘዘቻት። ሌላዋ ሦስቱንም ልጆቿን ያሳደገችው በማልት እንደሆነ ተናገረች። ከሶፋው ጥግ ያሉት አሮጊት ደግሞ ዓይን ስለሚኖር ሰው ፊት እንዳታጠባ መከሯት። በመጨረሻ አንድ ለስለስ ያለ ድምፅ «ለምን ትሰቃያለሽ? የቆርቆሮውን ጨምሪለት፤ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛልሻል» አላት። አራሷ ቀና ብላ ያየችው ይህን ምክር የሰጠቻትን ሴት ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ሲሰማ ልቡ እንደሚያዘነብል ማንም እናት ታውቃለች።

ጎረቤቷ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሰፈሩ «ሲስተር» ይላታል። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። ስለ አጥሚቱም ስለ አብሹም አላነሳችም። የጠየቀችው ሌላ ነው፦ «ትናንት ከማታ እስከ ንጋት ስንት ጊዜ ጠባ? ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ሸና? ማታ ማታ ማን ጋ ነው የሚተኛው?»

መልሱ ቀስ እያለ ወጣ። እናቲቱ እንድታርፍ ተብሎ አያቱ ሌሊት ሌሊት ይወስዱታል፤ ሲነቃም በጡጦ ትንሽ ይሰጡታል። ቀን ቀን ደግሞ ጠያቂው ይቀባበለዋል። በዚያ ከሰዓት እንኳ በየጭኑ ሲዞር ቆይቶ ከእናቱ ጡት የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ የተደረገው በፍቅር ነው። ወተቱን እያሳነሰው ያለውም ይኸው ነው።

ምክንያቱ ከጡት አሠራር ይጀምራል። ሕፃኑ ሲጠባ በጡት ጫፍ ላይ ያሉ ነርቮች መልእክቱን ወደ አንጎል ያደርሳሉ፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ትለቃለች፣ እሱም ወተት የሚሠሩትን ሕዋሳት ያነቃቸዋል። ኦክሲቶሲን የተባለው ሁለተኛው ሆርሞን ደግሞ በእነዚያ ሕዋሳት ዙሪያ ያሉትን ጥቃቅን ጡንቻዎች አኮማትሮ ወተቱን ወደ ጡት ጫፍ ይገፋዋል። ይህ ለብዙ እናቶች እንደ መጠቅጠቅ ሆኖ ይሰማቸዋል፤ በአንዱ ጡት ሲያጠቡ ሌላው ይንጠባጠባል፤ አንዳንዷም የልጇን ለቅሶ ገና ስትሰማ ቀሚሷ ይርሳል። ሕመም፣ ፍርሃትና መሸማቀቅ ኦክሲቶሲንን ያዘገዩታል። ሰው በሞላበት ሳሎን «ይጠግባል አይጠግብም» እየተባለ የምታጠባ ሴት ወተቷ ቶሎ ባይወርድ አያስገርምም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተቱ የሚመጣው ሰውነት በራሱ በሚሰጠው ትእዛዝ ነው። የእንግዴ ልጅ ሲወጣ ወተቱን ይዞ የቆየው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን በፍጥነት ይወርዳል፤ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ጡት ይሞላል። ከዚያ በኋላ ግን የወተቱን መጠን የሚወስነው ከጡቱ ምን ያህል ወጣ የሚለው ነው። ወተት ሞልቶበት የተቀመጠ ጡት ሥራውን ያቀዘቅዛል፤ የተጠባ ጡት ያፋጥናል። ሁለቱ ጡቶች እንኳ ለየብቻቸው ነው የሚሠሩት። ሲስተር ለአራሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳቻት፦ «እንደ ምንጭ ነው እህቴ፣ ሲቀዱት ነው የሚሞላው።»

ሌሊት የተሰጠው ጡጦ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል። ሕፃኑ በጡጦ ስለጠገበ ረጅም ሰዓት ይተኛል፤ ጡት ሳይጠባ ያድራል፤ ፕሮላክቲን በተለይ ከፍ በሚልበት በሌሊቱ ጊዜ ጥሪ ሳይመጣ ይቀራል። በማግስቱ ወተቱ ይቀንሳል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ጡጦው ይጨመራል። በሦስተኛው ሳምንት «ጡቴ ደረቀ» የምትል እናት ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ የመጣች ናት። እዚያ ያደረሳት የሰውነቷ ድካም ሳይሆን የመጀመሪያው ጡጦ ነው፤ ይህን በጊዜው የነገራት ሰው አለመኖሩ ያሳዝነኛል።

ለመሆኑ ሕፃን በቀን ስንት ጊዜ ይጠባል? በምዕራብ አውስትራሊያ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ወር የሆኑ፣ በጡት ብቻ የሚያድጉ 71 ሕፃናትን ከነእናቶቻቸው የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ሕፃናቱ በ24 ሰዓት ውስጥ በአማካይ 11 ጊዜ እንደጠቡ አሳይቷል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው፤ 6 ጊዜ የጠባም፣ 18 ጊዜ የጠባም ነበር። የጠጡት ወተት በቀን በአማካይ 788 ግራም ሲሆን ሁሉም በደንብ ያድጉ ነበር። የጡት ትልቅነትም ወሳኝ አይደለም። ብዙ ወተት በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችል ጡት ያላት እናት ልጅ አልፎ አልፎ ይጠባል፤ ትንሽ የሚይዝ ጡት ያላት እናት ልጅ ቶሎ ቶሎ ይጠባል፤ ሁለቱም ይጠግባሉ። ስለዚህ «የእህቴ ልጅ በአራት ሰዓት አንዴ ነው የሚጠባው» የሚለው ንጽጽር አራስን ከማስጨነቅ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ሕፃኑ እየጠገበ መሆኑ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉ፤ ሲስተርም ስንት ጊዜ እንደሸና የጠየቀችው ለዚህ ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ የሚሸና፣ ሽንቱም ፈዛዛ የሆነ ሕፃን ወተት እያገኘ ነው። ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ክብደት ይቀንሳሉ፤ በሁለት ሳምንት ግድም ግን የተወለዱበትን ክብደት ይመልሳሉ። ከዚያ በኋላ እውነቱን የሚናገረው የጤና ጣቢያው ሚዛን ነው። የ45 ቀን ክትባት ሲሄዱ ማስመዘንና ካርዱ ላይ ማስመዝገብ በጠያቂ ሁሉ ግምት ከመታመስ ያድናል።

እናቶችን የሚያሳስቱ ምልክቶች ደግሞ ሌሎች ናቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጡት ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን አይወጠርም፤ ወተቱ ከልጁ ፍላጎት ጋር ተስተካከለ ማለት ነው እንጂ ጠፋ ማለት አይደለም። ብዙ ሕፃናት ወደ ማታ ይነጫነጫሉ፣ በየሰዓቱም ሊጠቡ ይፈልጋሉ። ፈጥነው በሚያድጉባቸው ቀናትም ሁለት ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ይጠባሉ። ወተቱን የሚጨምሩት በዚህ ነው፤ የነገውን ድርሻቸውን ዛሬ ይጠራሉ። በእጅ ታልቦ ወይም በፓምፕ የወጣው ትንሽ መሆኑም ማስረጃ አይሆንም፤ ጡት በደንብ የያዘ ሕፃን ከፓምፕ የበለጠ ያወጣል።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። አጥሚቱስ?

በጋምቢያ ኬኔባ በምትባል የገጠር መንደር አንድሩ ፕሬንቲስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት ጥናት ለእኛም ይጠቅማል። የምግባቸው መጠን አነስተኛ ለነበረ የሚያጠቡ እናቶች ተጨማሪ ምግብ ተሰጣቸው፤ የወተታቸው መጠን ግን አልጨመረም። ምግቡ ቢጎድላቸውም ሰውነታቸው የልጁን ድርሻ ከራሳቸው እየቀነሰ ያቀርብ ነበር። ከዚህ የምረዳው አጥሚት ከንቱ መሆኑን አይደለም፤ ለማን እንደሚጠቅም ነው። የምታጠባ ሴት በቀን በግምት 500 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ደም ፈስሷታል፣ አልተኛችም፣ ቁስሏ አልዳነም። ከአጃና ከገብስ በማርና በቅቤ የተሠራ ትኩስ አጥሚት ይህን ሁሉ ይክሳታል። ስለዚህ ፔርሙዙ ይምጣ፣ ገንፎውም ይገንፋ። ግን ስትበላ እናቲቱ ትጠነክራለች እንጂ ጡቷ በዚያ ብቻ አይሞላም። ውሃም እንደዚሁ ነው፤ ሲጠማት ትጠጣ፣ ስታጠባ አጠገቧ አንድ ብርጭቆ ይቀመጥላት። ከጥሟ በላይ ሦስት ሊትር መጋት ወተት እንደሚጨምር የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

አብሽ ከሕንድ እስከ ግብፅ፣ ከግብፅ እስከ እኛ ድረስ ወተት ይጨምራል ተብሎ ሲጠጣ የኖረ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ፣ ወተት ይጨምራሉ በሚባሉ መድኃኒቶችና ዕፅዋት ላይ የተደረጉ 41 ጥናቶችን መርምሮ ነበር። አንዳንዶቹ ዕፅዋት ሊረዱ እንደሚችሉ ፍንጭ ቢኖርም የማስረጃው ጥንካሬ በጣም ዝቅተኛ ነው ብሏል። እኔ አብሽን አልነቅፍም፤ በምግብ መጠን ለብዙ ሴቶች ጉዳት የለውም። ነገር ግን የደም ስኳር ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ፣ የደም ማቅጠኛ የምትወስድ፣ ወይም ዳግም ያረገዘች ሴት ሐኪሟን ሳትጠይቅ በየቀኑ በብርጭቆ ልትጠጣው አይገባም። ሆዷንም የልጁንም ሆድ ሊያውክ ይችላል።

ማልት የተወደደው ከገብስ ስለሚሠራ ነው። ገብስ ውስጥ ያለ ቤታ ግሉካን የተባለ ንጥረ ነገር ፕሮላክቲንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል ይባላል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ስኳር ግን ብዙ ነው፤ ገብሱን በአጥሚትና በቅንጬ ማግኘት ይሻላል። ጠላ የተለየ ነገር ነው። በአሜሪካ ሞኔል ማዕከል የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ እናት አልኮል ስትጠጣ ሕፃኑ በቀጣዮቹ ሰዓታት የሚያገኘው ወተት ያንሳል፤ አልኮል ኦክሲቶሲንን ይጫነዋልና። የጫት አነቃቂ ንጥረ ነገርም በጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ቡና በቀን ሁለት ስኒ ቢሆን ችግር የለውም።

ከአራስ ቤት ሥርዓታችን ትልቁ ነገር ግን ከምግቡ ይልቅ ለእናቲቱ የሚሰጣት ጊዜ ይመስለኛል። እናት ክርስትና እስኪነሳ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን ቤት ትቆያለች። ልብስ አታጥብም፣ እንጀራ አትጋግርም፣ ውሃ አትቀዳም። እናቷ ወይም እህቷ ከሩቅ መጥተው ቤቱን ይይዛሉ። እሷ የቀራት ሥራ መብላት፣ መተኛትና ልጁን በጉያዋ ይዛ ማጥባት ብቻ ነው። ወተቱ መሠረቱን የሚጥለው በእነዚህ ሳምንታት ነው። እናቶቻችን ገንፎው ወተት ያመጣል ሲሉ የተሳሳቱ አይመስለኝም፤ ገንፎውን ያገነፉት እጆች ለአራሷ ሙሉ ቀን ይሰጧት ነበርና። ዛሬ በከተማው ገንፎው አልቀረም፣ አጥሚቱም በፔርሙዝ ይመጣል፤ ቀኑ ግን በጠያቂ፣ በስልክና በሥራ ጭንቀት ተበልቷል። አራስን መጠየቅ ከፈለግን ከሕፃኑ ይልቅ ሳህኑን ብንይዝላት የበለጠ ይረዳታል።

ሁሉም ነባር ልማድ ጠቃሚ ነበር ማለቴ አይደለም። በብዙ አካባቢ እንገሩ ታልቦ ይደፋ፣ ሕፃኑም ቅቤ ወይም ስኳር ውሃ ይሰጠው ነበር። እንገር መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ሕፃኑን ከበሽታ በሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የታጨቀ ነው፤ ያን ቀን የሚያስፈልገውም ይኸው ትንሹ መጠን ነው። ውሃም አያሻውም፤ የእናት ጡት ወተት ከመቶ 87 ያህሉ ውሃ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የጀመሩ ሕፃናት ከመቶ 73 እንደሆኑ አሳይቷል። እስከ ስድስት ወር ያለ ምንም ተጨማሪ ጡት ብቻ የሚጠቡት ግን ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2019ም 59 ብቻ ነው የደረሰው። በአገራችን ጡት የማያጠባ የለም ማለት ይቻላል፤ ችግሩ በመሃል የሚገባው ውሃ፣ የላም ወተትና ጡጦ ነው።

በከተማው ሌላም ነገር ተጨምሯል። በዚያው የ2016 ጥናት በአዲስ አበባ ከመቶ 21 የሚሆኑ ወሊዶች በቀዶ ሕክምና ነበሩ። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ወተቷ አንድ ቀን ያህል ሊዘገይ ይችላል፤ በሕመም ምክንያት ልጁም ዘግይቶ ነው የሚሰጣት። ይህን ክፍተት የሚሞላው ልጁን ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ማስተኛት ነው። አሠራሩ ካንጋሮ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ተጀመረ። በእኛም ከተማ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በትንሽ ክብደት በተወለዱ ሕፃናት ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል፤ ወዲያው በእናታቸው ደረት ላይ ከተደረጉት መካከል የሞቱት በተለመደው መንገድ ከታከሙት ያነሱ ነበሩ። ለጤነኛ ሕፃንም ቢሆን የቆዳ ንክኪው ሁለቱንም ሆርሞኖች ይቀሰቅሳል።

በዚያ እሁድ ሲስተር ያደረገችው ይኸው ነበር። ጠያቂዎቹን ወደ ሳሎን ሸኝታ የመኝታ ቤቱን በር ዘጋች። ሕፃኑን እስከ ዳይፐሩ አወለቀችው። አራሷ ወደ ልጁ ጎንበስ ስትል አስቆመቻትና ጀርባዋን በትራስ አስደግፋ ልጁን ወደ ጡቷ አመጣችው፤ ሆዱ ከሆዷ ጋር ተጣበቀ። «አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቂ። ጫፉን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ጥቁሩንም ጭምር ነው። አየሽ? አገጩ ጡትሽን ነክቷል፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል። አሁን አዳምጪ።» ሲውጥ ተሰማ። ከዚያ በፊት ጫፉን ብቻ ይዞ ሲደክም ነበር፤ የጡቷ ጫፍ የተሰነጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጡት ማጥባት የሚያም ከሆነ አያያዙ ይታረም፤ በትክክል ተይዞ የሚጠባ ጡት እንዲህ አያሠቃይም።

ትእዛዟ አጭር ነበር። ሌሊት ከእናቱ አጠገብ ይደር፣ በጠየቀ ቁጥር ይጥባ፣ ቢተኛም ቀን ከሦስት ሰዓት በላይ አይቆይ። አንዱን ጡት ሲጨርስ ሌላው ይሰጠው። ሲያንቀላፋ ጡቱን ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ወተቱን ያፈሰዋል። ከጠባ በኋላ የቀረውን በእጅ ማለብና በንጹሕ ስኒ ማጠጣት ይቻላል። ጡጦው ደግሞ ክብደቱ እየታየ፣ በጤና ባለሙያ ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነስ። ለውጡ በጥቂት ቀናት ይታያል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ወተት የማይበቃቸው እናቶች አሉ፤ ስለ እነሱ ዝም ማለት ጭካኔ ነው። የእንግዴ ልጅ ቁራጭ በማህፀን ከቀረ፣ በወሊድ ጊዜ ከባድ ደም ከፈሰሰ፣ የእንቅርት ዕጢ ከታመመ፣ ጡት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወይም ወተት ሠሪው አካል በተፈጥሮ ትንሽ ከሆነ ወተት ሊያንስ ይችላል። ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ክኒንም ይቀንሰዋል፤ ስለዚህ የሚያጠቡ እናቶች ሌላ ዓይነት እንዲሰጣቸው ይናገሩ። ሕፃኑ ሽንቱ ካነሰ፣ ለመጥባት የማይነቃ ከሆነ፣ በሁለት ሳምንት ክብደቱን ካልመለሰ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በዚያ ሁኔታ የዱቄት ወተት መድኃኒት ነው፤ በፈላ ውሃ፣ በተጻፈው ልክ፣ ሳይቀጥን ይሰጥ። ያገኘችውን ያህል የምታጠባ እናት ለጥቂቱም ምስጋና ይገባታል። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 ባጸደቀው ደንብ የተቃወመው የዱቄት ወተቱን መኖር ሳይሆን ለእናቶች ማስታወቂያና ነጻ ናሙና መስጠቱን ነው።

አራሷ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ ጭንቀቷ ከአሁኑ ወደ ሦስተኛው ወር ሄዷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን ስለነበር መሻሻሉ እውነት ነው። ሕፃኑ ጡት ብቻ እንዲጠባ የሚመከረው ግን ለስድስት ወር ነው። በመሃል ሦስት ወር ይቀራል፤ ወተት የሚቋረጠውም በዚያ ጊዜ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጓል። በግል ድርጅት የምትሠራ እናት ግን ብዙ ጊዜ የአለቃዋን በጎ ፈቃድ ትጠብቃለች።

ሲስተር የነገረቻት፣ ሥራ ከመጀመሯ ሁለት ሳምንት በፊት በእጅ ማለብ እንድትለማመድ ነው። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ታጥባ፣ ማታ ስትገባ ታጥባ፣ ሌሊቱም የልጁ ይሁን። ቢሮ ውስጥ በየሦስት ሰዓቱ የታለበ ወተት በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይ ርቆ ለአራት ሰዓት፣ በፍሪጅ ለአራት ቀን ይቆያል፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ሳይከፍቱ መተው ነው። ሞግዚቷ ወተቱን በሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጣ ለብ አድርጋ በስኒ ትስጠው።

ከቢሮው የሚፈለገው በቁልፍ የሚዘጋ አንድ ክፍል፣ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያና በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። በሳር ቤትና በብስራተ ገብርኤል መንገድ ላይ በቆሙት ሕንፃዎች ውስጥ ይህን የሚያክል ቦታ አይጠፋም። ጥያቄው በጽሑፍ ቢቀርብ፣ የቀረበውም እናቲቱ ለወሊድ ፈቃድ ከመውጣቷ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ አንድ ክፍል ለማዘጋጀት አራቱ የፈቃድ ወራት ከበቂ በላይ ናቸው።